ሌሊት ብቻ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ፦ አራት ኪሎ ላይ የተፈታ አንድ የመጋጠሚያ ጉዳይ

ጉዳዩ አራት ኪሎ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ኩሽና ነው። ቤቱ የእናቴ ታላቅ እህት የእትዬ ነው። ከላቫንዲኖው ሥር፣ ከግድግዳው የሚወጣው ኤልቦ (ክርን የመሰለው መታጠፊያ) እና ቫልቩ የሚገጣጠሙበት ቦታ ያንጠባጥባል። ጠብ፣ ጠብ። ሲያዩት ኢምንት ነው። ግን እስቲ እናስላው። 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ነው። በሰከንድ አንዴ ሳያቋርጥ ጠብ የሚል ቧንቧ በቀን ከ4 ሊትር በላይ ያፈሳል፤ በወር ወደ 130 ሊትር ይጠጋል። ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጄሪካን ከስድስት ጊዜ በላይ ይሞላል ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የባሰው ደግሞ ታች ነው። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጋሼ የኩሽናቸው ጣሪያ ላይ ቢጫ እድፍ ወጥቶ ቀለሙ መላጥ ጀምሯል። ጨዋ ሰው ናቸው፤ መጀመሪያ በትህትና ነበር የተናገሩት። እየቆየ ሲሄድ ድምፃቸው ጠንከር አለ። እውነታቸውን ነው።

እትዬ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ባለሙያ ጠርተዋል፣ ደጋግመው። የመጣው ሁሉ ቫልቩን ይፈታል፣ ቴፍሎን የሚባለውን ስስ ጥብጣብ ይጠቀልላል፣ መልሶ ያስራል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ለጥቂት ቀን ደህና ይሆናል። ከዚያ ያው ነው። መጨረሻ የመጣው ልጅ «ማዘር፣ ከአሁን በኋላ ንቅንቅ አይልም» ብሎ ዙሪያውን ሲሊኮን ለድፎበት ሄደ። ብዙም አልቆየ፣ ሲሊኮኑ በታች በኩል ለቀቀና ውሃው በዚያው ወረደ። ሲሊኮን ከውጭ ተለድፎ ከውስጥ የሚገፋ ውሃ አያቆምም። ውሃው ትንሽ ቆይቶ ሌላ መውጫ ይፈልጋል፣ ያገኛልም።

ጉዳዩን ዘርዝሬ የምጽፈው አንድ ነገር ስለሚያንገበግበኝ ነው። ቧንቧ አፈሰሰ ሲባል የምንሰማው መልስ ሁለት ብቻ ነው፦ «ቴፍሎን ጨምርበት» እና «ጠበቅ አድርገው»። ሁለቱም መፍትሔ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ሁለቱም የሚመጡት ዋናው ጥያቄ ሳይጠየቅ ነው። እዚህ መጋጠሚያ ላይ ውሃውን የሚያግደው ምንድነው? ጥርሱ (ዕቃዎቹ እየዞሩ የሚገጣጠሙበት ጠመዝማዛ መስመር) ነው? ጎማው ነው? ይሄ ካልታወቀ የሚጨመረው ሁሉ ድካም ነው። እትዬ ቤት የሆነውም ይሄው ነው።

የትኛው ነው የሚያፈሰው?

መጀመሪያ ያደረግኩት እትዬን መጠየቅ ነው። ዕቃ ከመንካት በፊት ቤቱ ውስጥ የሚኖረውን ሰው መስማት ብዙ ሥራ ይቀንሳል። «ቀን ደህና ነው ልጄ» አሉኝ፤ «ሌሊት ነው የሚብስበት። ጠዋት ስነሳ ካቢኔቱ ረጥቦ አገኘዋለሁ።»

ይቺ ቃል ግማሽ መልስ ናት። ሕንፃው ላይ ውሃ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። ቀን ቧንቧው ባዶ ነው፣ ወይ ደግሞ ቀጭን ውሃ ብቻ ነው ያለው። የውሃ ግፊት በከፍታ ይለካል፤ 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ወደ አንድ ባር የሚጠጋ ግፊት አለው። አዲስ አበባ ደግሞ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ የምትወርድ ተዳፋት ከተማ ናት፤ ስለዚህ ግፊቱ ከሰፈር ሰፈር፣ ከፎቅ ፎቅ ይለያያል። ሌሊት ሁሉም ቧንቧውን ዘግቶ ሲተኛ በመስመሩ ላይ ያለው ግፊት ከፍ ይላል። ቀን ችሎ የዋለ መጋጠሚያ ሌሊት መያዝ ያቅተዋል። ሌላም አለ። ውሃው ሲሄድ ቧንቧው በአየር ይሞላል። ውሃው ሲመለስ አየሩን እየገፋ፣ ቧንቧውን እያንኳኳ ነው የሚመጣው፤ ያን ድምፅ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ያ ንቅናቄ እያንዳንዱን ጥርስ ይነካካል።

አሁን ባለሙያዎቹን አስቡ። ቀን ይመጣሉ። ቀን ይሠራሉ። ቀን ባለው ውሃ ፈትሸው «አየሽ ማዘር፣ ቆሟል» ብለው ይሄዳሉ። ልጆቹ እየዋሹ አይመስለኝም። በዚያ ሰዓት እውነትም ቆሟል። ፈተናው ግን ገና አልመጣም።

ስለዚህ ውሃ በሚመጣበት ሌሊት እዚያው አደርኩ። ሲሊኮኑን በቢላ ልጬ አነሳሁት፤ ሁሉንም ነገር በጨርቅ አደረቅሁ። ከዚያ ደረቅ ሶፍት ቀድጄ በየመጋጠሚያው ላይ ለየብቻ ጠመጠምኩ፤ ግድግዳው ጋ ያለው ኤልቦ ላይ፣ የቫልቩ እጀታ ሥር፣ ፍሌክሲብሉ (ከቫልቩ ውሃ የሚወስደው ተጣጣፊ ቱቦ) ከቫልቩ ጋር የሚታሰርበት ዳዶ ላይ። ይሄን ማድረግ ግድ ነው፤ ምክንያቱም ውሃ ከወጣበት ቦታ ላይ አይወድቅም። ቧንቧውን ተከትሎ ይንሸራተትና ዝቅ ያለው ቦታ ሲደርስ ነው ጠብ የሚለው። ጠብ ሲል ያየኸውን ቦታ ስትጠግን የሚያፈሰው ሌላ ሊሆን ይችላል። ሶፍት ግን አይዋሽም፤ ቀድሞ የረጠበው ነው ምንጩ።

ቀድሞ የረጠበው ኤልቦው ላይ ያለው ሆነ። እሱ የሚጠበቅ ነበር። ቆየት ብሎ ግን የፍሌክሲብሉ ዳዶ ላይ ያለውም በዝግታ ረጠበ። ዳዶው ከኤልቦው ከፍ ብሎ የሚገኝ ስለሆነ ውሃው ከኤልቦው ወደ ላይ ሊወጣበት አይችልም። ስለዚህ የሚያፈሱት ሁለት ቦታዎች ናቸው። ሁለተኛው በመጀመሪያው ተሸፍኖ ማንም ልብ ሳይለው ቆይቷል። የእጀታው ሥር ደረቅ ነበር። ቧንቧው ራሱ አላላበውም፤ ቀዝቃዛ ቧንቧ ሲያልበው ከላይ እስከ ታች ነው የሚረጥበው፣ እዚህ ግን ከመጋጠሚያዎቹ በላይ ያለው ደረቅ ነው።

ጥርስ ሁሉ አንድ አይደለም

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ጠቅላላው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው ያለው።

የቧንቧ ጥርስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ራሱ ጥርሱ ውሃ የሚያግድበት ነው። ወንዴው ጥርስ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ በየ16 ሚሊሜትር ርዝመት ውፍረቱ በ1 ሚሊሜትር ይለያያል። ስለዚህ እየገባ በሄደ ቁጥር ሴቴው ውስጥ እየተጨናነቀ፣ እየጠበቀ ይሄዳል። እንዲያም ሆኖ በጥርስና ጥርስ መሃል ቀጭን ጠመዝማዛ መንገድ ይቀራል። ቴፍሎን ወይም ቃጫ የሚገባው ያችን መንገድ ለመድፈን ነው። የሚያጠብቀው ብረቱ ነው፤ ቴፍሎኑ የተረፈችውን ክፍተት ነው የሚሞላው። ዓለም አቀፉ ደረጃ ይሄን ዓይነቱን ጥርስ አይኤስኦ 7 ይለዋል።

ሁለተኛው ጥርሱ ቀጥ ያለ ሆኖ ሥራው መሳብ ብቻ የሆነው ነው። ውሃውን የሚያግደው ውስጡ ያለው ጎማ ነው። ዳዶው ሲጠበቅ ጎማውን በጠፍጣፋው ከንፈር ላይ ይጫነዋል፣ በቃ። አይኤስኦ 228 የሚባለው ነው። ፍሌክሲብል፣ የሻወር ቱቦ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቱቦ፣ ሁሉም እንደዚህ ናቸው። እዚህ ላይ ቴፍሎን መጠቅለል ጥቅም የለውም። እንዲያውም ይጎዳል፤ ቴፍሎኑ ጥርሱን ስለሚያጨናንቀው ዳዶው ጎማው ጋ ሳይደርስ «ጠበቀ» ይላል።

በነገራችን ላይ፣ ግማሽ ኢንች የሚባለውን ጥርስ ለክታችሁ 21 ሚሊሜትር ቢመጣ አትደናገጡ። ግማሽ ኢንች ድሮ የቧንቧውን የውስጥ ቀዳዳ ተከትሎ የወጣ ስም ነው። እኛ አገር የምንጠቀመው የእንግሊዙን ጥርስ ነው፤ ግማሽ ኢንቹ በአንድ ኢንች ርዝመት 14 ጥርስ አለው። የአሜሪካኑ ግማሽ ኢንችም 14 ነው። የጥርሱ ማዕዘን ግን የእንግሊዙ 55 ዲግሪ፣ የአሜሪካኑ 60 ዲግሪ ነው። ስለዚህ የአሜሪካን ዕቃ የገባ ይመስላል፣ ይታሰራል፣ ከዚያ ያፈሳል። ከውጭ የመጣ ዕቃ በስጦታ አግኝታችሁ ስትገጥሙ ይሄን አስታውሱ።

ሲፈታ የተገኘው

ከቆጣሪው በኋላ ያለውን ዋና ቫልቭ ዘጋሁ። ሙሉ በሙሉ አልዘጋ አለ፤ ቀጭን ውሃ ያሳልፋል። ለጊዜው ባሊ ተቀመጠለት። ቆጣሪውንና ከቆጣሪው በፊት ያለውን ግን አትንኩ፤ እሱ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው፣ እዚያ ችግር ካለ ለእነሱ መናገር ነው። ከዚያ ቧንቧዎቹን ሁሉ ከፍቼ መስመሩን አራገፍኩ።

ቫልቩ ሲወጣ በጥርሱ መጀመሪያ ላይ ነጭ ጉብታ ይዞ ነው የወጣው። ቴፍሎን ነው፤ ተገፍቶ ተገፍቶ አፉ ላይ የተከመረ። ጉብታውን አንስቼ ጥርሱን በስልክ መብራት አየሁት። ከጫፉ ሦስት ጥርስ ያህል ብቻ ቴፍሎኑ ተጨፍልቆ ብረት ነክቷል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ለስላሳ ነጭ ነው፤ ገብቶም አያውቅም። ቫልቩ ጠብቆ ነበር፤ በእጅ አይነቃነቅም። የጠበቀው ግን በብረቱ አልነበረም፣ በወፍራሙ ቴፍሎን ነበር። ለዚህ ነው ቴፍሎን መብዛት ሰውን የሚያታልለው። እጅህ ላይ «በቃ፣ ደረሰ» የሚል ስሜት ይሰጥሃል፣ ብረቱ ግን ገና በር ላይ ነው። ከዚያም በላይ የመጨረሻው ጥቅል የተጠቀለለው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። እንደዚያ ሲጠቀለል ቫልቩ ወደ ውስጥ ሲዞር ቴፍሎኑን እየፈታ፣ እየሰበሰበ ወደ ውጭ ይገፋዋል።

ከዚያ ኤልቦውን አየሁ። ጋልቫናይዝድ ነው፤ ዚንክ የተነከረ ብረት ማለት ነው። የኤልቦ የውስጥ ጥርስ የሚወጣው ዕቃው ዚንክ ከተነከረ በኋላ ስለሆነ ጥርሱ ላይ መከላከያ የለውም። በዚያ ላይ ናስና ጋልቫናይዝድ ብረት በውሃ ውስጥ ሲነካኩ የሚበላው ብረቱ ነው። እትዬ ቤትም አፉ ላይ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ጥርሶች ተበልተዋል፤ ቡናማ ዝገት፣ በመሃሉ የተለያየ ዘመን ቴፍሎን፣ አንዱ ነጭ አንዱ ግራጫ። ጠለቅ ሲባል ግን ጥርሱ ደህና ነው። አሁን ነገሩ ተገጣጠመ። ቫልቩ የገባው ሦስት ጥርስ ያህል ነው፤ እነዚያ ሦስቱ ደግሞ ተበልተው ያለቁት ናቸው። ደህናው ጥርስ ጋ ደርሶ አያውቅም።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። የዚህ ቫልቭ አፍ ወደ ላይ፣ ወደ ቧንቧው ማየት አለበት። ሲታሰር ግን ጥርሱ የሚቆመው ራሱ በፈለገበት ነው። የቫልቩ ኒኬል ቅብ ላይ የመፍቻው ጭረት በሁለቱም አቅጣጫ ነበር፤ ወደ መጥበቂያው ብቻ አይደለም። እትዬን ጠየቅኳቸው።

«ልጁ አስሮ ሲጨርስ ትንሽ መለስ አድርጎታል እንዴ?»

«አዎ፤ አፉ ወደ ጎን አልፎ ነበር፣ ቀና አደረገው።»

ይሄ ነው። ቴፍሎን አንዴ ከተጨፈለቀ ወደ ነበረበት አይመለስም። ቫልቩን ሩብ ዙር ወደ ኋላ ስትመልሰው የተጨፈለቀው ቴፍሎን ቦታው ላይ ይቀራል፣ ጥርሱ ይሸሻል፣ መሃላቸው መንገድ ይከፈታል። በቀን ግፊት ላይታይ ይችላል። ሌሊት ይታያል። የድሮ ባለሙያዎች ቃጫ የሚወዱት ለዚህም ጭምር ነው፤ ቃጫ ሲረጥብ ስለሚያብጥ እንዲህ ያለውን ትንሽ መመለስ ይቋቋማል። ቃጫ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን አደራ፣ አንዳንድ ሰው እንደሚያደርገው በላዩ ላይ የዘይት ቀለም አትቀቡ። እርሳስ ያለበት ቀለም አለ፤ የሚጠጣ ውሃ የሚያልፍበት ቧንቧ ላይ ሊገባ አይገባውም። ለመጠጥ ውሃ ተብሎ የተሠራ ማጣበቂያ ከሌለ ቴፍሎን ይሻላል።

ጥገናው

አዲሱን ቫልቭ ከመርካቶ ነው ያመጣሁት። እጄ ላይ ስይዘው ከበድ የሚል፣ ጥርሱ ረዘም ያለና ወደ ጫፉ ቀጠን የሚል ናስ መረጥኩ። ቀላል የሆነውና ጥርሱ አጭሩ በዋጋ ይረክሳል፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን የምንፈልገው ጠልቆ ደህናው ጥርስ ጋ የሚደርስ ነው። ከዕቃ ሻጩ ጋር ተከራክሬ አሮጌውን ቫልቭና አዲሱን ጎን ለጎን አቁሜ ለካሁ። ይሄን ሁሌም አድርጉ፤ አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ።

ከዚያ ጽዳት። ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፣ ትልቁን ጊዜ የወሰደብኝም እሱ ነው። የድሮውን ቴፍሎን ከኤልቦው ጥርስ መሃል በወስፌ እየጎረጎርኩ አወጣሁ። ዝገቱን በጥርስ ብሩሽና በትንሽ የሽቦ ብሩሽ ፈገፈግኩ። ቀጥሎ ባለሙያዎች የሚያውቋትን አንዲት ዘዴ ተጠቀምኩ፦ የግማሽ ኢንች ጋልቫናይዝድ ኒፕል (ጫፎቹ ጥርስ ያላቸው አጭር ቧንቧ) ወስዶ ጥርሱን በቁመቱ በሴጌቶ ሦስት ቦታ መሰንጠቅ። ያ ኒፕል በእጅ ቀስ እየተባለ ሲገባና ሲወጣ ስንጥቁ ዝገቱን እየላጨ ይሰበስበዋል። በኃይል አይደለም፤ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ማውጣት፣ መጥረግ፣ እንደገና። የወጣው ዝገት ጥቁር ቡናማ ጭቃ ነበር። በመጨረሻ ባሊ ይዤ ዋናውን ቫልቭ ለአፍታ ከፈትኩና ውሃው የቀረውን ጠርጎ አወጣ። ኤልቦው ስንጥቅ እንደሌለውም ያየሁት ያኔ ነው። ስንጥቅ ቢኖር ወሬው ሁሉ እዚያ ያበቃ ነበር፤ ግድግዳ መፍረስ አለበት።

ቴፍሎን ከመንካቴ በፊት ቫልቩን ባዶውን በእጄ አስገባሁት። ይሄ ትልቅ ምርመራ ነው። ደህና ጥርስ በእጅ ጥቂት ዙር ይገባና እየከበደ ይሄዳል። ገና ከመጀመሪያው ከደረቀ ጠምሟል ወይም ጥርሱ ሌላ ነው። እስከ መጨረሻው እንደ ቅቤ ከገባ ደግሞ የሚያጠብቀው ብረት የለም፤ ቴፍሎን ብቻውን ይሄን አይሸከምም። የእኛው ገባ፣ ከበደ፣ ቆመ። ከድሮው ርቆ ደህናው ጥርስ ውስጥ ነው የቆመው።

አጠቃለሉ እንዲህ ነው። የጥርሱን ጫፍ ወደ ራሳችሁ አዙሩ። ቴፍሎኑ የሰዓት ቆጣሪ በሚዞርበት አቅጣጫ ይሂድ፤ ያኔ ቫልቩ ሲታሰር ይበልጥ ይጠቀልለዋል እንጂ አይፈታውም። የመጀመሪያዋን ጥርስ ባዶ ተዉአት፣ ቁራጭ ቴፍሎን ውሃው ውስጥ ገብቶ የቧንቧውን ወንፊት እንዳይዘጋ። ወጠር አድርጋችሁ፣ ግማሽ በግማሽ እያደራረባችሁ ሂዱ። ስስ ለሆነው ነጭ ቴፍሎን ከስምንት እስከ አሥር ዙር ይበቃዋል። ሲያልቅ የጥርሱ ቅርጽ በቴፍሎኑ ላይ ቁልጭ ብሎ መታየት አለበት። ጥርሱ ጠፍቶ ነጭ ዱላ ከመሰለ በዝቷል፤ ልጣችሁ እንደገና ጀምሩ።

በእጅ እስከሄደበት ድረስ አሰርኩት፤ ከዚያ በመፍቻ፣ በመንጋጋው ላይ ጨርቅ አድርጌ። ብዙ ጊዜ ከእጅ በኋላ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ዙር ነው። ከዚያ በላይ መጎተት ጥሩ አይደለም፤ ኃይሉ ቫልቩ ላይ ብቻ አይቀርም፣ ኤልቦውን አልፎ ግድግዳው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ይሄዳል። መካከለኛ ውፍረት ያለው የግማሽ ኢንች ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ግድግዳው 2.6 ሚሊሜትር ነው። ጥርስ ሲወጣለት 1.16 ሚሊሜትር ያህል ይቆረጣል። የሚቀረው 1.4 ገደማ ነው፣ ያም ካልዛገ። በዚያ ላይ በትልቅ መፍቻ መንጠልጠል ከማይታይ ቦታ ሌላ ችግር መጥራት ነው።

አፉ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ቆመ። ወደ ፊት ለመሄድ ከብዷል፣ ወደ ኋላ መመለስ ደግሞ ያው የድሮው ታሪክ ነው። እዚህ ላይ ያለው ትክክለኛ መንገድ አንድ ነው፤ ማውጣት፣ ቴፍሎኑን አጽድቶ መጣል፣ ትንሽ ዙር ጨምሮ ወይም ቀንሶ እንደገና መጀመር። አወጣሁት። በአዲስ ቴፍሎን ትንሽ ጨምሬ መለስኩት፤ አሁን ቀደም ብሎ ከበደና አፉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቆመ። ሩብ ዙር ለማትረፍ ተብሎ ከሚደረገው መመለስ ይሄ የሚወስደው ደቂቃ እጅግ ይረክሳል።

የፍሌክሲብሉ ሥራ አጭር ነው። ዳዶው ላይ የተጠቀለለውን ቴፍሎን ሙልጭ አድርጌ አነሳሁ። ውስጡ ያለው ጎማ በአንድ ጎኑ ተቆርጦ ነበር፤ ከመጠን በላይ ስለታሰረ ነው። አዲስ ጎማ ገባ፣ ዳዶው በእጅ ታሰረ፣ ከዚያ በፓፓጋሎ ሩብ ዙር ያህል። በቃ።

ሌሊቱ

ውሃው ሲመጣ ዋናውን ቫልቭ ቀስ አድርጌ፣ የኩሽናውን ቧንቧ ክፍት ትቼ ነው የከፈትኩት፤ አየሩ በዚያ እንዲወጣ። እያስነጠሰ፣ እየተፋ ወጣና ውሃው ቀጥ አለ። ከዚያ ዘጋሁት፣ ሶፍቶቹን እንደገና ጠመጠምኩ፣ እትዬም እኔም ተኛን። ጠዋት ሦስቱም ደረቅ ነበሩ። በተከታዩ ፈረቃም እትዬ ራሳቸው ሶፍት ጠምጥመው አደሩ፣ ደረቅ ነው አሉኝ። ለእኔ ማስረጃው ይሄኛው ነው፤ ቧንቧው ባዶ ሆኖ፣ አየር ገብቶበት፣ ውሃው እንደገና እየመታው ሲመጣ መቻሉ።

እትዬ ግን አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ «ታዲያ እነዚያ ልጆች ይሄን ሳያውቁ ቀርተው ነው?» አይመስለኝም። ብዙዎቹ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ከቤት ቤት የሚሯሯጥ ሰው ጥርስ በወስፌ ለመጎርጎር ጊዜ የለውም፤ የሚከፈለውም ለማሰሩ እንጂ ለማጽዳቱ አይደለም። እኔ የምለው፣ ባለሙያ ስትጠሩ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ለጽዳቱም የሚገባውን ክፈሉት። ከሒሳቡ የተወሰነውን ደግሞ ውሃ መጥቶ ካደረ በኋላ እንደምትሰጡት ንገሩት። ሥራውን የሚያከብር ባለሙያ በዚህ አይከፋም፤ ሌሊቱን ታሳቢ አድርጎ ይሠራል።

ራሳችሁ የማትነኩትም አለ። ቫልቩን ስትፈቱ ኤልቦው ግድግዳው ውስጥ አብሮ ከዞረ ወዲያው አቁሙ። ቫልቩ ወጥቶ አፉ በመድፈኛ ተዘግቶም ግድግዳው መርጠቡን ከቀጠለ ችግሩ ከውስጥ ነው፣ ባለሙያ ጥሩ። መጋጠሚያው የውሃ ማሞቂያ ላይ ከሆነ መጀመሪያ መብራቱን ከብሬከሩ አጥፉ።

የእትዬ ኤልቦ ለዘላለም አይኖርም። አፉ ተበልቷል፣ መበላቱም ይቀጥላል። ኩሽናው አንድ ቀን ሲታደስ ግድግዳው ተከፍቶ መስመሩ ፒፒአር በሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ቢቀየር ጥሩ ነው። ፒፒአር ቧንቧው እርስ በርሱ በ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ስለሚበየድ ግድግዳ ውስጥ ጥርስ የለውም፤ ጥርስ የሚኖረው ቫልቩ የሚገባበት፣ ፕላስቲኩ ውስጥ የተቀበረው ናስ ላይ ብቻ ነው። እሱም የራሱ ጣጣ አለው፦ ቴፍሎን አብዝቶ በኃይል የሚያስር ሰው ናሱን ከፍቶ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል፤ ያ ደግሞ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው።

ታች ያሉት ጋሼ ጣሪያቸውን ወዲያው ለማስቀባት አስበው ነበር። ኮንክሪት የጠጣውን ውሃ ቶሎ አይለቅም፤ እርጥብ ላይ የተቀባ ቀለም ደግሞ ይላጣል። እስኪደርቅ እንዲታገሱ ተስማሙ፤ የቀለሙን ወጪ እትዬ ሊሸፍኑ ቃል ገብተዋል። እኛ ዘንድ የቀረው ከቆጣሪው በኋላ ያለው ሙሉ በሙሉ የማይዘጋው ዋና ቫልቭ ነው። እሱ ይቀየራል፤ አንድ ሌሊት ፍሌክሲብሉ ቢፈነዳ እትዬ ብቻቸውን ውሃውን የሚያቆሙበት ሌላ ቦታ የላቸውም።